ከኢሜይሉ ግርጌ ያለው ፎቶ

ይሄ የሆነ ነገር ነው። የጓደኛዬ ጓደኛ አየ የሚባል አይደለም... በገዛ ዓይኔ ያየሁት፣ በገዛ እጄ የሠራሁት ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። በዚህ ቻናል የሚወጡትን ታሪኮች እያነበብኩ ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሁሌ ሌሊት ነው። ሁሌ መብራት ይጠፋል። ሁሌ ውሻ ያላዝናል። «እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም እንዴ?» እል ነበር።

የእኔ በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው።

ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። መብራት አልጠፋም። ኢንተርኔት እንኳን አልተቋረጠም... ለእኛ ቢሮ እሱ ራሱ ተአምር ነው።

ቦታው አዲስ አበባ፣ ሲግናል የሚባለው ሰፈር አካባቢ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ሊፍት ያስመጣል። የራሱ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሕንፃው ግን ሊፍት የለውም። ደንበኞቻችን ሊፍት ሊገዙ እያለከለኩ ደረጃ ይወጡ ነበር።

ስሜ ዮፍታሔ ነው። የድርጅቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ።

ነበርኩ።

ሥራ አስኪያጁ ጌድዮን ይባላል። «አቶ ጌድዮን» ነበር የምንለው። ሰውዬው ከአጎቱ ድርጅቱን፣ ከመደብር ደግሞ ሽቶውን የወሰደ፣ ከራሱ ግን ምንም ያላመጣ ሰው ነው። ቢሮው ስትገባ መጀመሪያ ሽቶው ነው የሚቀበልህ።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ጠራኝ።

«ዮፍታሔ፣ ይሄን ኢሜይል አየኸው?»

ከውጭ የመጣ ደብዳቤ ነው። ከጽሑፉ ግርጌ የላኪው ስም አለ። ከስሙ አጠገብ ፎቶው። ከፎቶው ሥር ሎጎ፣ ባለቀለም መስመር፣ የፌስቡክ ምልክት፣ የቴሌግራም ምልክት፣ «ወረቀት አታባክኑ» የሚል አረንጓዴ ቅጠል። ሰውዬው የጻፈው ጽሑፍ አንድ መስመር ነው። ፊርማው ግማሽ ገጽ።

«አየሁት» አልኩት።

«እኛስ ለምን የለንም?»

ምን ትለዋለህ? ለማስረዳት ሞከርኩ። ኢሜይል በሦስት ዓይነት ልብስ ነው የሚሄደው፤ አንደኛው ኤችቲኤምኤል ነው፣ ፎቶና ቀለም ይሸከማል። ሁለተኛው ሪች ቴክስት ነው፣ ከእኛ ቢሮ ሲወጣ ያምራል፣ ሌላ ቤት ሲደርስ ግን ፎቶው ከፊርማው ተገንጥሎ እንደ ተያያዘ ፋይል ሊቀመጥ ይችላል። ሦስተኛው ፕሌን ቴክስት ነው፣ ደረቅ ጽሑፍ ብቻ። ፎቶ የሚባል አይሸከምም። ስለዚህ ፊርማ ላይ ፎቶ ብናደርግ አንዱ ያየዋል፣ አንዱ ባዶ ሳጥን ያያል፣ አንዱ ደግሞ...

«ዮፍታሔ» አለኝ። ስልኩን እያየ ነው። «ያምራል ወይስ አያምርም?»

«ያምራል።»

«በቃ።»

የሠራተኛው ሁሉ ፎቶ ይነሳ ተባለ። ቢሮ ውስጥ አይደለም። እንጦጦ ላይ። «አረንጓዴ ጀርባ ያስፈልገናል» አለ። አረንጓዴ ጀርባ! ሊፍት ለሚሸጥ ድርጅት!

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከራጉኤል ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ጥቅጥቅ የሚልበት ጋ ተሰለፍን። አሥራ አራት ሰው። ፎቶ አንሺው ጆኒ የሚባል ነው። ጥቁር መነጽር አድርጎ ካሜራ የሚያነሳ ሰው ካያችሁ እሱ ነው። ሁላችንንም አንድ ቦታ ያቆመናል፣ ጀርባችንን ለጫካው፣ ፊታችንን ለእሱ። «ስማይል!» ይላል። ቀጭ። «ኔክስት!»

ወረፋው ወይዘሮ አሳየች ጋ ደረሰ።

እትዬ አሳየች የድርጅቱ ጸሐፊ ናቸው። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ቀርቷቸው ነበር። ከጌድዮን አጎት ዘመን ጀምሮ ደብዳቤ ሁሉ የሚወጣው በእሳቸው እጅ ነው። ዝምተኛ ናቸው። ጠዋት ራጉኤልን ተሳልመው መጥተው ነጠላቸውን እንዳጣፉ ነበሩ።

ቆሙ። ግን ጎናቸውን ሰጥተው።

«እማማ፣ ወደ እኔ ይዙሩ» አለ ጆኒ።

«እንዲህ ይሻለኛል።»

«ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ጀርባዎን ወደ ጫካው።»

«ለእሱ ጀርባዬን አልሰጥም።»

ሳቅ ሆነ። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ ይሄን መናገር አለብኝ።

«ለምንድን ነው እትዬ?» አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከዚህ በታች ነው ያደግነው። ለቅጠል ስንወጣ እዚህ ጋ አንቆምም ነበር። ከኋላ ይጠራሃል። ከዞርክ... አበቃ።»

«ማን ነው የሚጠራው?»

መልሳቸውን አልጠበቅሁም። ለሰልፈኛው እንዲሰማ ጮክ ብዬ «ምናልባት ጫካው ሊፍት ሊያዝዝ ይሆናል!» አልኩ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ጌድዮን መኪናው ውስጥ ተቀምጦ መስታወቱን ዝቅ አደረገ። «አንቺ! ሰው እየጠበቀ ነው እኮ!»

እናቱ የሚሆኑትን ሴት ነው «አንቺ» የሚላቸው።

እትዬ አሳየች ዞሩ። ጀርባቸውን ለጫካው ሰጡ። ዓይናቸው ካሜራው ላይ ነበር፣ ግን አያዩትም... ጆሯቸውን ነበር የሰጡት። የሆነ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው።

ቀጭ።

...

በሳምንቱ ፊርማዎቹን ሠራሁ።

ፎቶውን ኢሜይል ላይ የምታደርገው በሁለት መንገድ ነው። ወይ ፎቶው ሰርቨር ላይ ይቀመጥና ደብዳቤው አድራሻውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ነገ ፎቶውን ካጠፋኸው ከሁሉም ቦታ ይጠፋል። ወይ ደግሞ ፎቶውን ራሱን ደብዳቤው ሆድ ውስጥ ትከተዋለህ። ያኔ የላክኸው ደብዳቤ ሁሉ የራሱን ፎቶ ይዞ ይወጣል። አይመለስም።

እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። ቀላል ስለሆነ። ለዚህ ቢሮ ማን ይደክማል ብዬ።

አንድ ነገር ብቻ በደንብ ሠራሁ። ፎቶ በማይታይበት ቦታ ፎቶውን ተክታ የምትወጣ አጭር መግለጫ ትጻፋለች። ለእያንዳንዱ ሰው ጻፍኩ። «የአቶ ጌድዮን ፎቶ።» «የወ/ሮ አሳየች ፎቶ።» ሦስት ሦስት ቃል።

ከዚያ ማዕበሉ መጣ። አንዱ ደንበኛ «ከእያንዳንዱ ደብዳቤ ጋር ስድስት ፋይል የምትልኩልን ምንድን ነው?» ይላል። ሌላው ቀይ ምልክት ያለበት ባዶ ሳጥን ብቻ ነው የሚያየው። ጌድዮን ግን ደስ ብሎታል። ለራሱ ለራሱ ኢሜይል እየላከ ፎቶውን ሲያይ ቢሮዎቹን በሚለየው መስታወት በኩል አይቼዋለሁ።

ኅዳር ሃያ ምናምን ላይ እትዬ አሳየች ጠረጴዛዬ ጋ መጡ።

«ዮፍቲ፣ ልጄ... ያን ፎቶ አጥፋልኝ።»

«ለምን?»

«አንገቴን ይዞኛል።»

«አንገትዎን የያዘዎት ወንበሩ ነው እትዬ። ትራስ ያድርጉበት።»

«እሺ» ብለው ሄዱ።

ሲሄዱ አንገታቸውን ወደ ቀኝ እንደያዙት አየሁ። ወደ እንጦጦ በሚያየው መስኮት በኩል።

አላሰብኩትም።

ታኅሣሥ በገባ በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለልኝ። ናዲያ ትባላለች። ቦሌ ያለ የአንድ ሕንፃ አስተዳዳሪ ናት፣ ከእኛ ሊፍት የምትገዛ። ከእኛ የሚደርሳት ደብዳቤ በሪች ቴክስት ነበር፤ ስለዚህ ፎቶዎቹ ተገንጥለው ነው የሚመጡላት፣ በትልቁ።

«ዮፍታሔ፣ ስለ ፎቶዎቹ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ይቅርታ፣ አስተካክላለሁ።»

«አይ... እሱ አይደለም። የጸሐፊያችሁ ፎቶ። ለምንድን ነው የምትዞረው?»

«ምን?»

«በየቀኑ ሌላ ፎቶ ነው የምትልኩት። ትዞራለች። ደስ አይልም። ተዉት።»

ዘጋችው።

ሳቅሁ። እውነት ሳቅሁ። የሰው ልጅ ሥራ ሲፈታ ብዬ የተላኩ ደብዳቤዎችን ከፈትኩ።

የኅዳር ሃያን ደብዳቤ ከፈትኩ። እትዬ አሳየች ወደ ፊት ያያሉ። ሁለቱም የጆሮ ጌጥ ይታያል።

የኅዳር ሃያ አምስትን ከፈትኩ። ሁለቱም ይታያል... ግን የግራው ሰፋ ብሎ፣ የቀኙ ጠበብ ብሎ።

የታኅሣሥ አንድን ከፈትኩ። የቀኙ የለም።

ዋናውን ፋይል ኮምፒውተሬ ላይ ከፈትኩ። ፊት ለፊት። ሁለት ጆሮ፣ ሁለት ጌጥ። ማንም አልነካውም። አንድ ፋይል ነው። ሁሉም ደብዳቤ የሚወስደው ከዚያው ነው።

የዚያኑ ቀን የተላኩትን ተራ በተራ አየሁ። ሠላሳ ሁለት ደብዳቤ። አንዱን ከሌላው ብታስተያይ ልዩነት የለም። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጎን ለጎን ስታደርግ ግን... የጉንጫቸው አጥንት። የአፍንጫቸው ጫፍ። በአንድ ቀን ውስጥ የጣት ጥፍር ያህል።

በእያንዳንዱ ደብዳቤ ትንሽ ትንሽ ይዞራሉ።

ወደ ጫካው።

ቀና ብዬ በመስታወቱ አየኋቸው። ይጽፋሉ። ፊታቸው ወደ ስክሪኑ አይደለም። ወደ መስኮቱ ነው። ጣታቸው ብቻ ይጽፋል።

ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ።

«እትዬ...»

«ስማ» አሉኝ። በሹክሹክታ። «ዝም ብለህ ስማ።»

ሰማሁ። ታክሲ። የወያላ ጩኸት። ሌላ ምንም።

«ምን ይላል?» አልኳቸው።

«ስሜን ነው።»

«ማን?»

«እናቴ በምትጠራኝ አጠራር ነው የሚጠራኝ።» ከንፈራቸው ደርቋል። «ፎቶዬ ይዞራል፣ አይደል? አውቄዋለሁ። ሲዞር አንገቴን ይስበኛል። እኔ አልዞርኩም። በእግዜር ስም፣ እኔ አልዞርኩም። እሱ ነው የሚያዞረኝ።»

ወደ ኮምፒውተሬ አንድ እርምጃ ተራመድኩ።

«አጠፋዋለሁ» አልኳቸው። «አሁኑኑ።»

«የወጣውስ? የተላከው... ይመለሳል?»

ስንት መቶ ነው። በስንት ሰው ሳጥን ውስጥ። እያንዳንዱ የራሱን ፎቶ በሆዱ ይዞ።

«አይመለስም» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻል ነበር።

ፎቶውን ከፊርማቸው አጠፋሁ። ለሦስት ሳምንት ያህል ያለ ፎቶ ጻፉ። አንገታቸው ባለበት ቆመ። አልተመለሰም፣ ግን አልባሰም። «ደህና ነኝ» ይሉኝ ነበር፣ ጉንጫቸውን ሰጥተው።

እኔም ለራሴ «ነርቭ ነው» አልኩ። ሰው ራሱን ለማታለል የሚከፍለው ነገር የለም።

...

ያ ማክሰኞ መጣ።

ጌድዮን የገና የመልካም ምኞት ደብዳቤ ለደንበኞች ሁሉ ይላክ አለ። ለስድስት መቶ ደንበኛ፣ ለእያንዳንዱ በስሙ። ከእትዬ አሳየች አድራሻ። ናሙናውን ላክሁለት። አምስት ደቂቃ አልቆየም፣ ጠራኝ።

«ፎቶዋ የት ሄደ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«በማን ፈቃድ?»

«ፎቶው ችግር አለበት። ይዞራል» አልኩት።

አየኝ። ከዚያ ሳቀ። ቀስ ብሎ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ አስደግፎ። የእንጦጦው ሳቄ ትዝ አለኝ። ያው ሳቅ ነው። አፉ ብቻ ነው የተለየው።

«ይዞራል? ስማ... እንዲህ ዓይነት ወሬ ከእሷ ብሰማ አይገርመኝም። አንተ ግን የተማርክ ነህ።»

«አቶ ጌድዮን፣ ሴትዮዋ ታመዋል።»

«ከታመመች ቤቷ ትተኛ! ሦስት ወር ምን ያስጠብቃታል? ዛሬውኑ የስንብት ደብዳቤዋን እጽፍላታለሁ።» እጁን አወናጨፈ። «ፎቶው ይግባ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይላክ። ሂድ።»

ወጣሁ። እትዬ አሳየች በሩ ጋ ቆመው ሰምተዋል።

«ላከው» አሉኝ። «እንዲህ አድርጎ አያስወጣኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ነው።»

«አንድ መንገድ አለ» አልኳቸው በሹክሹክታ። «በፕሌን ቴክስት እልከዋለሁ። ደረቅ ጽሑፍ ነው። ፎቶ አይሸከምም። ጌድዮን እስኪያውቅ በዓሉ አልፏል።»

«ፎቶ አይሄድም?»

«አንድም አይሄድም።»

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። ፊታቸው ግን ወደ መስኮቱ ነበር።

ጌድዮን ገብቶ ቢያይ እንዲያገኘው ፎቶውን ፊርማቸው ላይ መለስኩ። መላኪያውን ግን ፕሌን ቴክስት አደረግሁ። ፎቶውን ፕሮግራሙ ራሱ ይቆርጠዋል። ሁለቴ አረጋገጥኩ። በራሴ ተደሰትኩ... አዎ፣ ተደሰትኩ። ጌድዮንን ማታለል ደስ ይላል።

ዘጠኝ ሰዓት። ላክ የሚለውን ነካሁ።

አንድ በአንድ ይወጣል። አሥር። ሃምሳ። መቶ። እትዬ አሳየች ከመስታወቱ ማዶ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ሁለት እጃቸውን አንገታቸው ላይ አድርገዋል።

ሁለት መቶ።

ወንበራቸው የሚዞር ወንበር ነው። ትንሽ ዞረ።

ሦስት መቶ።

ደህና ይሆናል አልኩ። ፎቶ የለም። ፎቶ የለም...

ዘጠኝ ከሃያ ሲሆን ስድስት መቶው አለቀ። ለማረጋገጥ ብዬ የተላኩትን ከፈትኩ።

የመጀመሪያው ደብዳቤ። «መልካም የገና በዓል።» ስም፣ ስልክ። ፎቶ የለም። በፎቶው ቦታ ያቺ የጻፍኳት ሦስት ቃል ወጥታለች።

«የወ/ሮ አሳየች ፎቶ።»

ተነፈስኩ።

ሌላ ከፈትኩ። ሰባኛው ይሆናል።

«የወ/ሮ አሳየች ፎቶ፣ ዞር ሲሉ።»

ይሄን እኔ አልጻፍኩም።

መቶ አርባኛው።

«የወ/ሮ አሳየች ፎቶ፣ ፊታቸው በከፊል።»

ወረድ አልኩ። ሦስት መቶኛው።

«የወ/ሮ አሳየች ጀርባ።»

አራት መቶ።

«የወ/ሮ አሳየች ጀርባ።»

አምስት መቶ።

«የወ/ሮ አሳየች ጀርባ፣ ከፊት።»

ይሄኛውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከፊት?

የመጨረሻው፣ ስድስት መቶኛው፣ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው።

«ጀርባ።»

ቀና አልኩ። ወንበራቸው ባዶ ነው። ገና እየተሽከረከረ ነው።

ሮጥኩ። በኮሪደሩ ጫፍ አየኋቸው። ወደ መውጫው ይሄዳሉ፣ ቀስ ብለው። ነጠላቸው፣ ሹሩባቸው፣ ጀርባቸው።

«እትዬ! እትዬ አሳየች!»

አልቆሙም። ታጥፈው ወረዱ።

እንግዳ ተቀባይዋ ወንጌል በሩ ጋ ተቀምጣለች። ፊቷ ወደ ኮሪደሩ ነው። ማለት የሚመጣውን ሰው ሁሉ ከፊት ነው የምታየው። እኔ ስደርስ እስክሪብቶ በእጇ እንደያዘች ደርቃ ነበር።

«አለፉ?» አልኳት።

«አሁን።»

«ምን ሆነው ነው? ፊታቸው ምን ይመስላል?»

«ወደ ኋላ እየሄዱ ነው የመሰለኝ» አለች። «ጀርባቸውን ነው ያየሁት። ፊታቸው ወደ አንተ አልነበረም እንዴ?»

«እኔም ጀርባቸውን ነው ያየሁት።»

ተያየን።

«አይሆንም» አለች ወንጌል። «ወደ እኔ ሲመጡ ጀርባቸው ነበር... አይሆንም እኮ።»

ደረጃውን በሦስት በሦስት ወረድኩ። መንገዱ ላይ የሉም።

ተመልሼ ወጣሁና ለጌድዮን ነገርኩት። ከስልኩ ቀና አላለም። «ተገላገልን» አለ። የአንገቴን መታወቂያ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩለት። ለምን እንደወጣሁ እንኳን አልጠየቀኝም። አንድ ነገር ብቻ አለኝ።

«ፎቶዎቹን ግን ማን ያስተካክላል?»

...

በማግሥቱ ሙሉ ቀን ስልካቸውን ሞከርኩ። አይነሳም። ሐሙስ ከምኖርበት ከወሰን ተነስቼ በሁለት ታክሲ ፈረንሳይ ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። ቤታቸው ከፈረንሳይ በላይ ዳገቱ ላይ ነው። ሰው እየጠየቅሁ ወጣሁ። ስደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ቀትር።

በሩን ልጃቸው ሰላማዊት ከፈተችልኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ የምትፈልግ ልጅ ናት፣ አንድ ሁለቴ ቢሮ መጥታ አውቃታለሁ። ዓይኗ ያበጠ ነው።

«አንተ ነህ... ግባ።»

«አሉ?»

«አሉ። ማክሰኞ ከሰዓት መጡ። ከዚያ ወዲህ እዚያው ናቸው።»

«ሐኪም አይቷቸዋል?»

«ጎረቤት ጠርቼ ነበር» አለች። «ጎረቤቶቹ ወጥተው ሄዱ። ቄስም መጥተው ነበር። እሳቸውም...»

ግቢው ጠባብ ነው። ፀሐይ ሞልቶታል። መሃሉ ላይ በርጩማ ተቀምጧል፣ በርጩማው ላይ እትዬ አሳየች። ወደ ተራራው ዞረዋል። ጀርባቸውን አየሁ። የሹሩባቸው ጫፍ አንገታቸው ላይ ወርዷል። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነው። ይተነፍሳሉ። ይሄን አረጋግጫለሁ፣ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል።

«እትዬ» አልኩ። «እኔ ነኝ። ዮፍታሔ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

አልዞሩም።

ፊት ለፊታቸው ሆኜ ልናገር ብዬ ዙሪያውን ሄድኩ።

ሹሩባ። ነጠላ። ጀርባ።

የተሳሳትኩ መሰለኝ። ፀሐይ ነው አልኩ። እንደገና ዞርኩ፣ ቀስ ብዬ፣ አንድ እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ፣ እያንዳንዱን እርምጃ እየቆጠርኩ። በሩን አለፍኩ። የውኃ በርሜሉን አለፍኩ። ከተራራው በኩል ቆምኩ።

ጀርባ።

ከቤቱ በኩል ቆምኩ።

ጀርባ።

«እኔም ሞክሬዋለሁ» አለች ሰላማዊት በሹክሹክታ።

ምሳ ልታቀርብ ኖሯል። በአንድ እጇ ሳህን፣ በሌላው ውኃ ይዛለች። ወደ እናቷ ሁለት እርምጃ ሄደች። ቆመች። በቀኝ በኩል ዞረች። ቆመች። በግራ ተመለሰች።

በየትኛው በኩል እንደምታስቀምጠው አታውቅም።